በውኃ ላቦራቶሪ ላስተማሩኝ ባለሙያ፣ ከእሳቸው ጋር ላገናኘኝም ማኅበር የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ወደ ሀገሬ የሚመልሰኝን አውሮፕላን እየጠበቅኩ ነው። በውጭ ሀገር በአንድ የመጠጥ ውኃ ጥራት ላቦራቶሪ ለ12 ሳምንታት ያደረግኩት የተማሪነት የሥራ ልምምድ ትናንት ተጠናቀቀ። ለትምህርት ክፍሌ የማቀርበው ሪፖርት ስለ ሥራው የሚጠይቅ እንጂ ሥራውን ስላስተማረኝ ሰው የሚጠይቅ ባለመሆኑ፣ የላቦራቶሪውን ከፍተኛ ቴክኒሻንና ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝን የተማሪዎች ልውውጥ ማኅበር እዚህ ለማመስገን፣ ለሌሎች ተማሪዎችም ለመጠቆም ወደድኩ። የቴክኒሻኗን ስም ያላነሳሁት ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጾቹ ቁጥር የወጣላቸው መዝገብ ነበር። በእርሳስ አይጻፍበትም፤ ገጽ አይቀደድለትም፤ የተሳሳተ ቁጥርም በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝና ከጎኑ ቀንና ፊርማ ይሰፍርበታል። የተሰረዘው ቁጥር ራሱ መነበብ አለበት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ውኃውን የሚጠጣው ሰው እዚህ ክፍል ገብቶ ሥራችንን እንደማያይ፣ ያለን ምስክርም ይህ መዝገብ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ደንብ የማስከበር ንግግር መስሎኝ ነበር እንጂ በልቤ አላደረም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት የፒኤች (ውኃ ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) መለኪያውን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ፈሳሽ ውስጥ የሚነከረውን ዘንግ፣ አጥቤ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውኃ ውስጥ ነክሬው ሄድኩ፤ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ማስቀመጫ አይገኝለትም ብዬ ነበር። በማግስቱ የጠዋቱን ናሙናዎች ይዤ ተመልሼ መለኪያውን ፒኤች 4፣ 7 እና 10 በሆኑት ማስተካከያ ፈሳሾች ስፈትሸው ንባቡ አልረጋ አለ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ደህና ኤሌክትሮድ ለእያንዳንዱ የፒኤች አሃድ 59 ሚሊቮልት ያህል ለውጥ ማሳየት ሲገባው፣ የእኔው ከ52 አላለፈም፤ ይህም ከሚጠበቀው 90 በመቶ እንኳ አይሞላም። ኤሌክትሮዱ ማደር የነበረበት በ3 ሞላር የፖታሲየም ክሎራይድ፣ ማለትም ጠንከር ባለ የጨው ፈሳሽ ውስጥ ነበር፤ ዲስቲልድ ውኃ በውስጡ ያለውን ጨው ቀስ በቀስ እየሳበ ያዳክመዋል።

ቴክኒሻኗ አልተቆጡኝም፤ ሥራውንም ከእጄ አልወሰዱትም። «ማታ ምን ውስጥ ነው የተውከው?» ብለው ጠየቁኝና በቃሌ መልስ ስጀምር መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ያደረግኩትን በብዕር ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም። ኤሌክትሮዱ በተገቢው ፈሳሽ ውስጥ ሲቆይ ከሰዓት በኋላ ወደ 97 በመቶ ተመለሰ። የጠዋቱን ናሙናዎች ግን ማዳን አልተቻለም፤ ናሙና በቆየ ቁጥር ከአየር ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለዋወጥ ፒኤቹ ይቀየራል። እሳቸው የምሳ ሰዓታቸውን ትተው ከእኔ ጋር ወጡ፤ ናሙናውን ከየቦታው እንደገና ቀዳን። በመንገድ ላይም ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስጨንቃቸው አስረዱኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በክሎሪን የታከመ ውኃ ፒኤቹ ከ8 በታች ሆኖ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ነጻ ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ያው ክሎሪን ጀርም የመግደል አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የእኔ የተዛባ ንባብ ደህና ያልሆነን ውኃ ደህና ነው ሊያሰኝ ይችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መዝገቡ ላይ የምጽፈውን ማንም ሳያስታውሰኝ እጽፋለሁ። በክፍል ውስጥ ስለ ፒኤች ብዙ ተምሬአለሁ፤ ለአንድ ቁጥር ኃላፊነት መውሰድን ግን የተማርኩት ከእሳቸው ነው፣ ከልቤም አመሰግናቸዋለሁ።

ወደዚህ ሥራ ያደረሰኝ አይኤስቴ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው፣ የቴክኒክ ትምህርት ተማሪዎችን ለሥራ ልምድ የሚያለዋውጠው ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1948፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ነው። አሠራሩ በልውውጥ ላይ የቆመ ነው፤ የየሀገሩ ኮሚቴ ከቀጣሪዎች የሥራ ቦታ ይሰበስብና ቦታዎቹን ከሌሎች ሀገሮች ጋር ይለዋወጣል። ተማሪው ለኑሮው የሚሆን ክፍያ ያገኛል፤ ቡና አመላላሽ ወይም ጎብኚ ሳይሆን ከሙያው ጋር የተያያዘ ሥራ ይሠራል። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ የአካባቢው ኮሚቴ ተማሪዎች ትጋት ነው። አስቀድሞ የተያዘልኝ ማደሪያ በደረስኩበት ምሽት ሳይሆን ሲቀር፣ ሊቀበለኝ የመጣው ፈቃደኛ ተማሪ ሌላ ክፍል እስኪያገኝልኝ ድረስ ሻንጣዬን ይዞ አብሮኝ ዞረ። በማግስቱ ፈተና እንደነበረበት የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከጓደኛው ነው።

ለማመልከት ላሰባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ቦታዎቹ የሚለዋወጡት በአብዛኛው በጃንዋሪ ወር ስለሆነ ዩኒቨርሲቲያችሁን ከዚያ ወራት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የጉዞና የመድን ወጪም አብዛኛውን ጊዜ በተማሪው ላይ ስለሚወድቅ አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት። ምርጫው ሰፊ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ውጭ የሚላከው ተማሪ ብዛት ሀገሪቱ ከምትቀበለው ጋር የተያያዘ ነው። ቢሆንም ያለ ማመንታት እጠቁማችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እኔን የሚተካ ተማሪ መጣ። ቴክኒሻኗ ያንኑ መዝገብ አንስተው ሰጡኝ፤ የሦስተኛውን ሳምንት ገጽ ራሴ ገልጬ አሳየሁት፣ የጻፍኩትንም አነበብኩለት። ማታ ላይ የኤሌክትሮዱን ክዳን በፖታሲየም ክሎራይድ ሞልቶ የገጠመው እሱ ነበር። በማግስቱ ንባቡ 98 በመቶ ሆነ፤ መዝገቡ ላይ ጽፎ የፈረመውም እሱ ነው።