ለሩቅ ኢንፍራሬድ ምልከታ የትኛው ዳሳሽ ይሻላል? ጀርማኒየም፣ ቴስ እና ኪድ ሲነጻጸሩ

ከቀዝቃዛ የጠፈር አቧራ የሚመጣውን ሩቅ ኢንፍራሬድ ጨረር ለመለካት ዳሳሽ የሚመርጥ የምርምር ቡድን ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው አምራቹ በጻፈው የትብነት (እጅግ ደካማ ብርሃንን የመለየት አቅም) አኃዝ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፦ ቴሌስኮፑ ራሱ ምን ያህል ይሞቃል? ማቀዝቀዣውስ እስከ ስንት ኬልቪን ይወርዳል?

አንጋፋው ጋሊየም የተጨመረበት ጀርማኒየም ነው። እስከ 120 ማይክሮሜትር ገደማ ያያል፤ ክሪስታሉ በኃይል ሲጨመቅ ደግሞ እስከ 200 ይደርሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የጠፈር ቴሌስኮፕ ስፒትዘር በ70 እና በ160 ማይክሮሜትር የተጠቀመው በዚህ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም ብቻ ስለሚበቃው ማቀዝቀዣው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ያረፈበትን ብርሃንና የኮስሚክ ጨረር ምት ቶሎ ስለማይረሳ በውስጥ መብራት ደጋግሞ ማመሳከርን ይጠይቃል።

ቴስ (TES) የሚባለው ቦሎሜትር፣ ማለትም ብርሃንን በሚፈጥረው ሙቀት የሚለካ ዳሳሽ፣ ስስ የልዕለ አስተላላፊ (ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚጠፋ ቁስ) ንጣፍን ልክ በመሸጋገሪያው ሙቀት ላይ ስለሚይዝ፣ እጅግ ጥቂት ሙቀት ሲጨመርበት የኤሌክትሪክ መቋቋሙ በእጅጉ ይለወጣል። በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ የተተከለው ካሜራ ስኩባ-2 በ450 እና በ850 ማይክሮሜትር 10,000 ያህል ፒክሰሎችን በ0.1 ኬልቪን አካባቢ አሠርቷል፤ ለብስለቱ ይህ በቂ ምስክር ነው። ችግሩ ያለው በንባቡ ላይ ነው፤ ምልክቱን የሚያጎሉት ስኩዊድ የተባሉ ለማግኔት እጅግ ስሱ የሆኑ ማጉያዎች ከማግኔታዊ መስክ በጥብቅ መከለል አለባቸው፣ ብርሃኑ ከታሰበው በላይ ሲበረታም ፒክሰሉ ከመሸጋገሪያው ወጥቶ መለካቱን ያቆማል።

ኪድ (KID)፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ የሚለወጥ የልዕለ አስተላላፊ ዑደት፣ ይህን የንባብ ሸክም ያቃልላል። እያንዳንዱ ፒክሰል እንደ ሬዲዮ ጣቢያ የየራሱ ፍሪኩዌንሲ ስላለው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት በአንድ ጥንድ ኬብል ይነበባሉ። በስፔን የሚገኘው የኪድ ካሜራ ኒካ-2፣ ምንም እንኳ የሚሠራው ረዘም ባለ ሞገድ፣ በ1.2 እና በ2 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ 2,900 ያህሉን ይዟል። አንዳንድ ፒክሰሎች ፍሪኩዌንሲያቸው ተደራርቦ እንደሚጠፉ ግን ገዢው አስቀድሞ ይቁጠር።

ከምድር ወይም ከባሉን ለሚመለከት፣ የከባቢ አየሩና የመስታወቱ ሙቀት የሚፈጥረው ሁከት ከዳሳሹ ስለሚበልጥ፣ ለተጨማሪ ትብነት መክፈል ከንቱ ወጪ ነው፤ እዚህ ኪድን እመርጣለሁ። መስታወቱ የቀዘቀዘ የጠፈር ቴሌስኮፕ ካለ ግን ትብነቱ ዋጋውን ያወጣል፤ ናሳ በ2024 እ.ኤ.አ. ለጥናት የመረጠው የጠፈር ቴሌስኮፕ ዕቅድ ፕሪማም ያሰበው በኪድ ነው። የጋዝን ፍጥነት በ158 ማይክሮሜትር የካርቦን መስመር (ካርቦን በዚህ ሞገድ በሚያወጣው ብርሃን) ላይ በዝርዝር ለመለካት የሚፈልግ ቡድን ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አይግዛ፤ እርሱን የሚያገለግለው በኸርሸል የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ እንደነበረው ሃይፋይ ያለ ሄተሮዳይን መቀበያ ነው፤ ይህም የሚመጣውን ሞገድ ከራሱ ሞገድ ጋር ቀላቅሎ ፍሪኩዌንሲውን በዝርዝር የሚለይ መሣሪያ ነው።