በደብረ ብርሃን የጥበብ ጥርስ ስለማስነቀል
ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ብርሃን፣ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ አግድም በቅሎ ድዴን ያሳብጥ የነበረውን የታችኛውን የጥበብ ጥርሴን አስነቅያለሁ። ሐኪሙ አስቀድሞ ራጅ አስነሥቶ የጥርሱ ሥር ከመንጋጋው ነርቭ ምን ያህል እንደሚርቅ አሳየኝ፤ ማደንዘዣው መያዙን ሳያረጋግጥም ሥራውን አልጀመረም። ከሁሉ በላይ ያመሰገንሁት ግን ከነቀላው በኋላ የሰጠኝን ምክር ነው፤ ጎዙን 30 ደቂቃ ያህል ነክሼ እንድይዝ፣ ለ24 ሰዓት እንዳልጉመጠመጥ፣ በዚህ ብርድ አገር ለጥርስ ሕመም መድኃኒት ነው እየተባለ የሚታዘዘውን አረቄም እንዳልሞክር አስጠነቀቀኝ፤ ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ከተነሣ አጥንቱ ተጋልጦ ከባድ ሕመም እንደሚያስከትልም በትዕግሥት አስረዳኝ። እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጎደለ ሄደ፤ እስከዚያ ለብ ያለ አጥሚት እጠጣ ነበር። ቅር ያሰኘኝ ከቀጠሮዬ በኋላ 2 ሰዓት መጠበቄ ነው፤ ከመንዝ ተነሥቶ ለሚመጣ ታማሚ ይህ ቀላል አይደለም።