ባለ ስክሪን ዳሽቦርድ፦ ልክ ፍሬም፣ ተንሳፋፊ ስክሪን፣ ታብሌት ወይስ ፋይበር ግላስ?

ዳሽቦርዱ ላይ ትልቅ ስክሪን ማስገባት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች?» ብሎ ነው። ኢንቹ ግን መጨረሻ ላይ የሚወሰን ነገር ነው። ስክሪን ከመኪናው ቀድሞ ያረጃል፤ ሶፍትዌሩ ይንቀራፈፋል፣ ሲነኩት ቶሎ አይመልስም፣ በሌላ ይተካል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ስክሪኑ ምን ውስጥ እንደሚቀመጥና በሚቀየርበት ቀን ክሩስኮቶው ሳይሰበር መውጣት መቻሉ ነው። አራቱን አማራጮች ያወዳደርነውም በዚህ መለኪያ ነው።

| አማራጭ | የሚያስፈልገው | ወደ ቀድሞው መመለስ | ድምፅ | ዋና ችግሩ |
|---|---|---|---|---|
| ለሞዴሉ የተሠራ ፍሬም ከአንድሮይድ ቴፕ ጋር | ፍሬም፣ የሶኬት ገመድ፣ አንዳንዴ የካንባስ ሳጥን (የመኪናውን የመረጃ መስመር ለቴፑ የሚተረጉም) | ቀላል | የራሱ አምፕሊፋየር አለው | ለሁሉም መኪና አይገኝም |
| ተንሳፋፊ ስክሪን | የነጠላ ዲን ወይም የደብል ዲን (መደበኛ የቴፕ ልክ) ቀዳዳ | ቀላል | የራሱ አምፕሊፋየር አለው | ይንቀጠቀጣል፣ አየር ማውጫ ይሸፍናል |
| ታብሌት | ማቀፊያ፣ የኃይል መቀየሪያ፣ የውጭ አምፕሊፋየር | እንደ ማቀፊያው አሠራር | የራሱ የለውም | ሙቀት፣ የኋላ ካሜራ |
| ፋይበር ግላስ | ትርፍ ፓነል፣ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ)፣ ብዙ ሰዓት | ኦሪጅናሉ ፓነል ከተቀመጠ ብቻ | እንደሚገባው ስክሪን | ልኩ ከሳተ ሥራው እንደገና ይጀመራል |

መጀመሪያ ልኬት

የነጠላ ዲን ቀዳዳ 180 በ50 ሚሊ ሜትር፣ የደብል ዲን 180 በ100 ነው። ብዙ የቶዮታ መኪኖች ግን 200 በ100 ቀዳዳ ይዘው ይመጣሉ። 180ውን 200 ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ በግራና በቀኝ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስለሚተርፍ በጎን መሙያ ፕላስቲክ ይዘጋል። ተቃራኒው ግን ያለ መቁረጥ አይሆንም። ጥልቀትም አይረሳ፦ ከቴፑ ጀርባ ለሶኬቱና ለገመዱ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ካልቀረ ገመዱ ታጥፎ ቴፑን ወደ ውጭ ይገፋል። ፍሬሙ «አልገጥም አለ» ተብሎ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የታጨቀው ገመድ ሆኖ ነው።

ከዚያ ካርቶን ይቁረጡ፤ የስክሪኑን የውጭ ልክ እንጂ የመስታወቱን ኢንች አይከተሉ። ካርቶኑን በወረቀት ፕላስተር ቦታው ላይ ለጥፈው የሹፌር ወንበር ላይ ይቀመጡ። ማርሹን ከፒ ጀምሮ በየቦታው ያንቀሳቅሱ፣ የአየር ማውጫዎቹን ይክፈቱ፣ የአራቱን ፍሬቻ ቁልፍ ይጫኑ፣ መንገዱን ይመልከቱ። እጅ ካርቶኑን ከነካ ወይም የአደጋ ጊዜ ፍሬቻው ከተሸፈነ፣ ያ መጠን ለዚያ መኪና አይሆንም።

ለሞዴሉ የተሠራ ፍሬም

ለመኪናው ከተገኘ ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ የኛ ፍርድ ይሄ ነው። ፍሬሙ በኦሪጅናሉ ክሊፕና ቪቴ ቦታ ይገባል፣ ምንም ነገር አይቆረጥም፣ ነገ የተሻለ ቴፕ ሲመጣ በዚያው ፍሬም ላይ የመተካት ዕድል አለ። 9 እና 10.1 ኢንች የተለመዱት ናቸው።

ስህተቱ የሚፈጠረው ትዕዛዝ ላይ ነው። የአንድ ሞዴል ፍሬም ከዓመት ዓመት ይለያያል። መሪው ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፣ ኤሲው በእጅ የሚዞር ወይም አውቶማቲክ መሆኑም ፍሬሙን ይቀይረዋል። ለሻጩ የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ዓመቱን፣ የመሪውን ጎን፣ የኤሲውን ዓይነት፣ የዳሽቦርዱን ፎቶና ከተቻለ ከቴፑ ጀርባ ያለውን የሶኬት ፎቶ ይላኩ። ፍሬም ያለ ሶኬት ገመዱ ግማሽ ዕቃ ነው። የመሪው ቁልፎች፣ የበር መከፈት ምልክትና የኤሲ ማሳያ በመኪናው የመረጃ መስመር የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ለዚያ መኪና የተዘጋጀ የካንባስ ሳጥን የግድ ነው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ቁልፍ መከፈቱን የሚናገር ገመድ ራሱ የለም፤ ምልክቱን ለቴፑ የሚሰጠው ሳጥኑ ነው።

በተለመደው የቴፕ ገመድ ቢጫው ቋሚ 12 ቮልት፣ ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ፣ ጥቁሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘው ኔጋቲቭ) ነው። ነጭ የፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ፤ ጥቁር መስመር ያለበት የየራሱ ኔጋቲቭ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ቢጫውና ቀዩ ቦታ ይለዋወጣሉ። መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና የተያዙት የሬዲዮ ጣቢያዎች ከጠፉ ምክንያቱ ይሄ ነው። በግምት አይሥሩ፤ ቁልፉ ተዘግቶ በቴስተር ሲለካ ቢጫው 12.5 ቮልት ገደማ፣ ቀዩ ዜሮ ማሳየት አለበት።

ስለ ቴፑ ራሱ ሦስት ነገር ይበቃል። 2 ጊጋባይት ራም ካርታና ሙዚቃ አብረው ሲከፈቱ ይጨነቃል፤ 4 ጊጋባይት ራም ከ64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ጋር ይያዝ። የቅንብር ገጹ የሚያሳየው ቁጥር ሊሸቀብ ስለሚችል የሃርድዌር መመርመሪያ መተግበሪያ ጭኖ ማየት ይሻላል። ስክሪኑ አይፒኤስ (ከጎንም በደንብ የሚታይ) ሆኖ 1280 በ720 ከሆነ ጥሩ ነው፤ 1024 በ600 በ10 ኢንች ላይ ፊደሉ ሻካራ ይሆናል። «45 ዋት በ4» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ አያታልል። በ14.4 ቮልት የሚሠራ የቴፕ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ስፒከር ላይ ድምፁን ሳያዛባ የሚያወጣው በስሌት እንኳ ከ26 ዋት አይዘልም፤ በተግባር 20 ዋት አካባቢ ነው።

ተንሳፋፊ ስክሪን

የቴፑ ዋና አካል ነጠላ ዲን ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ስክሪኑ ፊት ለፊት በክንድ ላይ የሚቆም ነው። ጥቅሙ ፍሬም ለማይገኝለት መኪና ፈጣን መፍትሔ መሆኑ ነው፤ ዳሽቦርድ ሠራሁ ለማለት ግን ይከብዳል። ሲገዙ ክንዱ ከፍ ዝቅና ወደፊት ወደኋላ የሚስተካከል መሆኑን ይዩ። ሳጥኑ ከጀርባ በብረት ማሰሪያ ካልተያዘ ሻካራ መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት ያለው ክብደት ጎትቶት ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ታብሌት

በመልክ የሚያምረውም፣ ብዙ የሚያስከፍለውም ይሄ ነው። ታብሌት ርካሽ ይመስላል፣ ግን ብቻውን ስክሪን ነው እንጂ ቴፕ አይደለም። የስፒከር አምፕሊፋየር የለውም፣ ሬዲዮ የለውም፣ የመሪ ቁልፍ አያውቅም። አምፕሊፋየር ለተገጠመለትና ዋና ሐሳቡ ካርታና ሙዚቃ ለሆነ ሰው እንጂ ከባዶ ለሚጀምር አንመክረውም።

የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። አፕል ለአይፓድ የሚሰጠው የመጠቀሚያ የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ፣ የማስቀመጫው እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱ ከዚህ በጣም ያልፋል። የሊቲየም ባትሪው ያብጣል፤ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተጣብቆ የተቀመጠ ታብሌት ሲያብጥ መሄጃ ስለሌለው መስታወቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ታብሌት አይጣበቅም፤ ተንሸራቶ የሚወጣበት መያዣ ይሠራለት፣ ከጀርባው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የአየር ክፍተት ይተውለት፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ይውጣ። በማግኔት መያዝ ያምራል፤ ግን ተራው ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ጉልበቱን ያጣል፣ የታብሌቱን ኮምፓስም ስለሚረብሽ የካርታው ቀስት ቆም ሲሉ ይዞራል።

ሲም የማይወስድ አይፓድ ጂፒኤስ የለውም፤ ለካርታ የሚገዛ ሰው ሲም የሚወስደውን ይያዝ። ለኃይል ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚቀይር፣ ቢያንስ 3 አምፔር የሚሰጥና እስከ 30 ቮልት ገደማ የሚችል ለመኪና የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ገመዱን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ይውሰዱ፣ መነሻው ላይ የ5 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ታብሌቱ እየሞላ እያለ ቻርጁ ከቀነሰ የሚጠረጠረው ቀጭንና ረጅም የዩኤስቢ ገመድ ነው። የቻርጅ መሰኪያው ለሚወጣበት ጎን፣ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ጫፍ ቢጠቀሙም እስከ 20 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቦታ ይያዙ።

ሞተሩ ሲጨምር አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከስፒከር ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ መቀየሪያውና አምፕሊፋየሩ ማሳ የወሰዱት ከተለያየ ቦታ ነው። ሁለቱንም ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በወጣ አንድ ነጥብ ላይ ያያይዙ። የኋላ ካሜራ ግን እስከ መጨረሻው ችግር ነው። ተራው ካሜራ ወደ ታብሌት በዩኤስቢ መቀየሪያ ይገባል፤ ታብሌቱ ተኝቶ ከነበረ ምስሉ እስኪመጣ መኪናው ወደ ኋላ ሄዷል። ለካሜራው በኋላ ማያ መስታወት ላይ የሚገጠም ለብቻው የሆነ ትንሽ ስክሪን ይሻላል።

ፋይበር ግላስ

ለመኪናው ፍሬም ጨርሶ ከሌለ ወይም ስክሪኑ በግድ በሌላ ቦታና ዝንባሌ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ነው እዚህ የሚደረሰው። በኦሪጅናሉ ላይ አይጀመርም፤ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሁለተኛ ፓነል ተገዝቶ በእሱ ላይ ይሠራል። ሠሪ ሲመርጡም የሚጠየቀው ይሄው ነው፦ «የኔን ፓነል ትቆርጣለህ ወይስ ሌላ ታመጣለህ?»

የፓነሉን ጀርባ ይመልከቱ፤ የፕላስቲኩ ዓይነት ተቀርጾበታል። ኤቢኤስ ከሆነ ተፍቆ ይያዛል። ፒፒ ከሆነ ሬዚንም ስቱኮም በሙቀት ይላቀቃል፣ በቪቴ መታሰር አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከ6 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) የስክሪኑ ቀለበት ይቆረጣል፣ በሚፈለገው ዝንባሌ ፓነሉ ላይ ይቆማል፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ይወጠርበታል፣ ጨርቁ ሬዚን ይጠጣል፣ ሲደርቅ ከጀርባ ፋይበር ይደረብበታል። ቀለበቱ ከስክሪኑ በየጎኑ 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይስፋ፤ በመጨረሻ የሚለብሰው ቆዳ ውፍረት አለው፣ ይሄ የተረሳበት ቀዳዳ ስክሪኑን አያስገባም።

ለ40 በ30 ሴንቲ ሜትር ቦታ ሦስት ድርብ፣ በካሬ 450 ግራም የሚመዝን ፋይበር 160 ግራም ያህል ይወስዳል። ፖሊስተር ሬዚኑ የዚያን 2.5 እጥፍ፣ ማለትም 400 ግራም ነው፤ ሬዚኑን የሚያጠነክረው ሃርድነር በ1.5 በመቶ 6 ግራም ይሆናል። ለብክነት ግማሽ ኪሎ ሬዚን ይያዝ። ሃርድነር ከ2 በመቶ ሲያልፍ ሬዚኑ ግሎ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ከ1 በመቶ ሲያንስ ለቀናት እያጣበቀ ይቆያል። የስቱኮው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ወፍራሙ በንዝረት ይላቀቃል። የብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ተጀምሮ በ180 አልፎ 320 ላይ ያበቃል። ሃርድነር ዓይን ያጠፋል፣ የሬዚኑም ሽታ በአቧራ ጭንብል አይያዝም፤ መነጽርና ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማስክ ይደረግ።

በ3ዲ ማተሚያ ፍሬሙን የማውጣት ሐሳብ ካለ ዕቃው ላይ ይጠንቀቁ። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ ይወርዳል። ፒኢቲጂ 80 ገደማ ይደርሳል። ለዳሽቦርድ የሚሆነው 100 ዲግሪ አካባቢ የሚችለው ኤኤስኤ ወይም ኤቢኤስ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ

የተሳፋሪው ኤርባግ በሚከፈትበት የዳሽቦርድ ክፍል ላይ ቆዳ አይለበስም፣ ፋይበር አይቀባም፣ ስክሪን አይቆምም። ፓነል ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ የመኪናው መመሪያ የሚለው ደቂቃ፣ ካልተገኘም ቢያንስ 3 ደቂቃ ይጠበቅ። ኤርባጉ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ አይከፈት፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ ይቀራል።

ሥራውን ከመረከብዎ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል። መኪናውን ቆልፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ ከዚያ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳው በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል ያስገቡ። ገመዱ ሲነቀል ኮምፒውተሮቹ ስለሚነቁ ቁጥሩ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ሞተር ግን አያስነሱ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካነበቡ የስክሪኑን ፊውዝ ይንቀሉ። ቁጥሩ ከወደቀ ስክሪኑ ሳይጠፋ እየተኛ ባትሪ እየበላ ነው ማለት ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ቁልፍ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ያድርጉት። ያኔ ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ያስጠብቃል።