የራስ ቆጣሪ ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ መስመር?

ጅማ ውስጥ አዲስ ቤት የሠራ ሰው መብራት ለማስገባት ሁለት መንገድ አለው፦ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት፣ አለዚያም ከጎረቤት መቀጠል።

ቅጥያው ፈጣን ነው፤ ማመልከቻም ወረፋም የለውም። ወጪው ግን ኋላ ይመጣል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ርካሽ ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋውም ይወጣል። ሁለት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቶሎ ወደ ውዱ እርከን ይገባል። በየወሩ የሒሳብ ንትርክ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ምጣዱ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል። በአጥር ላይ የተንጠለጠለ መጋጠሚያ ደግሞ የጅማን ዝናብ አይችልም። እባካችሁ፣ ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ይህን አታድርጉ።

የራስ ቆጣሪ የይዞታ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ክፍያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ቢሆንም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የውስጥ መስመሩን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይዘርጋው፤ ለምጣዱ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጥ ማጥፊያ) እና ወፍራም ሽቦ፣ ለቤቱም ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያያዝ የመከላከያ ሽቦ) ይኑረው። ተከራይ ከሆናችሁ ማመልከቻውን ከአከራያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጀምሩ፤ የይዞታው ወረቀት ያለው እሳቸው ጋ ነው።