6 ሰዓት ተብሎ የሚሸጥላችሁን የመንዳት ትምህርት ተጠንቀቁ

ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ ልጃችሁ 18 ያልሞላው ወላጆች፣ ይሄን አንብቡ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን መንጃ ፈቃድ ለማግኘት 30 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 6 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መንዳት፣ 50 ሰዓት ደግሞ ከእኛ ጋር፣ ከዚያም ውስጥ 10ሩ ማታ። 50ውን እንደምንም እንወጣዋለን። ከ6ቱ ግን ማምለጫ የለም። ፐርሚቱ (የመለማመጃ ፈቃዱ) ራሱ አስተማሪው ካልፈረመበት አይሠራም። የሚጫወቱብንም እዚችው ላይ ነው።

ልጄን ያስመዘገብኳት የኛው ሰው ጋ ነው። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ብር ሲቀበል «እርስዎ ምንም አያስቡ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው። ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ተባልን። ሰርተፊኬቱም ቶሎ መጣ።

ትናንት አብረን ስንለማመድ ፍሪዌይ (ፈጣን መንገድ) እንግባ አልኳት። መሪውን ጨብጣ ቀረች። «ማሚ፣ ገብቼ አላውቅም እኮ።» ከዚያ ጉዱ ወጣ። አንዱን ቀን ግማሹን ከኋላ ተቀምጣ ሌላ ልጅ ሲነዳ ስታይ ነበር። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ጭራሽ መሪ አልነካችም። ቤንዚን ቀድተው፣ ሌላ ተማሪ ቤቱ አድርሰው ተመለሱ።

ዛሬ ጠዋት ቢሯቸው ሄድኩ። ሰውየው ፋይሏን አወጣና በአንድ ጣቱ ወደኔ ገፋው። ሦስት መስመር። በእያንዳንዱ ላይ 2 ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ላይ የልጄ ፊርማ። ሦስቱም በአንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ! ለካ በመጀመሪያው ቀን፣ መኪናው ገና ሳይነሳ፣ «እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈርሚ» ተብላ ነው የፈረመችው። ቀኑንና ሰዓቱን እነሱ በኋላ በጥቁር ሞልተውታል።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው» አልኩት።

ከስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «እህቴ፣ ሰርተፊኬቱን ይዘሻል አይደል? ሌላ ምን ፈለግሽ?»

«እርስዎ» ያለኝ ሰውዬ ነው። ዴስኩ ላይ ያለችው ልጅ ሳቋን አፍና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እሱ ግን ገና አልጨረሰም። «መንዳት ካልቻለች ተጨማሪ 2 ሰዓት ግዢላት። ለአንቺ ቅናሽ አለው።»

የበላኝን ሰዓት መልሶ ሊሸጥልኝ! ፈቃዱን ካገኘች በኋላ ፍሪዌይ ላይ ብቻዋን የምትወጣው እኮ ልጄ ናት። እሱ አይደለም።

ልጆቻችሁ የዕለቱ ትምህርት ሳያልቅ ምንም እንዳይፈርሙ። የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት ስልካቸው ላይ ይያዙ። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ የጸና መሆኑን የዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። ቅሬታም የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። የኔን ዛሬ ማታ እልካለሁ፣ የአረንጓዴውን ፊርማ ፎቶ አያይዤ። ፎቶውን ሳነሳ ብቻ ነው ሰውየው ቀና ብሎ ያየኝ።