የጂፒኤሱ አንቴና ተመታ፦ ይጠገን፣ ይቀየር ወይስ አዲስ ይገዛ?

ደሴ ላይ የቅየሳ ጂፒኤስ የተሸከመ ፖል (ዘንግ) ለመውደቅ ሰበብ አያጣም። ትራይፖድ የሚተከልበት ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። መሣሪያው ድንጋይ ላይ አርፎ ኮንትሮለሩ (በእጅ የሚያዘው ስክሪን) "ፍሎት" ላይ፣ ማለትም በሴንቲሜትር ደረጃ ትክክለኛውን ቦታ ሳይይዝ፣ ተገትሮ ከቀረ ግን አብሽሩ፣ ወዲያው ብር አታውጡ። አንቴና የተበላሸ የሚያስመስል ሌላ ብልሽት ብዙ ነው።

መጀመሪያ የትኛው አንቴና? ብዙ ሰው "አንቴናው ተሰበረ" የሚለው ያቺን ቀጭን የሬዲዮ አንቴና ነው። እሷ በቤዝ (ቋሚ ነጥብ ላይ በሚተከለው መሣሪያ) እና በሮቨር (ይዘነው በምንዞረው) መካከል የቦታ እርማት ታገናኛለች እንጂ ከሳተላይት ጋር ጉዳይ የላትም። ርካሽ ናት፣ ግዙና ቀይሩ። የሬዲዮአችሁን ፍሪኩዌንሲ ብቻ እዩ፤ ለ410–430 ሜጋኸርዝ የተሠራችው 460 ላይ በደንብ አታገለግልም። እስክትመጣ ድረስ ደግሞ ቤዙ ያለ አንቴና እንዳያስተላልፍ፣ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

የሳተላይቱ አንቴና ለብቻው የሆነ መሣሪያ ካላችሁ፣ እንደ ትሪምብል አር7 ወይም ላይካ ጂኤስ10 ያለ፣ ዕድለኛ ናችሁ። ኬብሉን ከአንቴናው ንቀሉና ሪሲቨሩን (ምልክቱን ተቀብሎ የሚያሰላውን ሣጥን) አብሩ። የኬብሉ ጫፍ ላይ በመልቲሜትር ስትለኩ እንደ ሞዴሉ 5 ቮልት አካባቢ መምጣት አለበት። ዜሮ ካለ ጥፋቱ ኬብሉ ወይም ሪሲቨሩ ጋ ነው፣ አንቴናውን ገና አትወንጅሉት። ማገናኛው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ውሃ ገብቷል፤ ኬብል ቀይሩ።

ቮልቱ ካለ አንቴናውን መልሳችሁ ግጠሙና ኤስኤንአሩን (የሳተላይቱን ምልክት ጥንካሬ) ኮንትሮለሩ ላይ ተመልከቱ። ከፍ ብለው ያሉ ሳተላይቶች ጤነኛ አንቴና ላይ 45 ዲቢ-ኸርዝ አካባቢ ይሰጣሉ። ሁሉም ከ35 በታች ከሆኑ፣ ወይም ሳተላይቶቹ ከሚልኳቸው ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ኤል-ዋን ደህና ሆኖ ኤል-ቱ ከወደቀ፣ አንቴናው ሳይጎዳ አይቀርም። ይህን ጦሳ ስር ቆማችሁ አትሞክሩት። ተራራው ግማሽ ሰማይ ይሸፍንባችሁና ደህናውን አንቴና ትጥሉታላችሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሞክሩት።

አሁን ወደ ግዢው። ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ ስሙ የማይታወቅ አዲስ?

አዲሱ ያጓጓል፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ፊክስም (የሴንቲሜትር ደረጃ ቦታ) ይሰጣል። ጣጣው ከፍታ ላይ ነው። አንቴናው ምልክት የሚቀበልበት ነጥብ ከታች ካለው የብሎን ማሰሪያ የተወሰነ ከፍታ አለው፣ ይህ ቁጥር ደግሞ ከሞዴል ሞዴል በሴንቲሜትሮች ይለያያል። ኮንትሮለሩ የድሮውን ሞዴል ይዞ እናንተ ሌላ ካሰራችሁበት ልዩነቱ ቀጥታ ከፍታችሁ ውስጥ ይገባል። ለይዞታ ልኬት ኤክስና ዋይ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ብዙም አያስጨንቅም። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በድሮው አንቴና ከተለካ ነጥብ የፍሳሽ መስመር ስትቀጥሉ ግን፣ በ0.5 በመቶ ተዳፋት 10 ሜትር ላይ ያላችሁ ጠቅላላ ውድቀት 5 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ያ ስህተት ፍሳሹን ወደ መጣበት ሊመልሰው ይችላል።

ስለዚህ እኔ ያገለገለ ኦርጅናል እመርጣለሁ፣ ዋጋው ቢበልጥም። አዲሱን መግዛት ግድ ከሆነ ሞዴሉ የአሜሪካው ብሔራዊ የጂኦዴቲክ ሰርቬይ በነጻ በሚያወጣው የአንቴና ካሊብሬሽን ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ኤል-ዋንና ኤል-ቱ ሁለቱንም መቀበሉን፣ ቮልቱም ከሪሲቨራችሁ ጋር መግጠሙን እዩ። በመኪና ጣሪያ ላይ የምትለጠፈዋ ማግኔት ያላት ነገር ለእኛ ሥራ አትሆንም፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

አንቴናው ከሪሲቨሩ ጋር አንድ ላይ የታሸገበት መሣሪያ ከሆነ፣ ማለትም ትሪምብል አር8፣ ላይካ ጂኤስ14፣ አብዛኞቹ ሳውዝና ሃይ-ታርጌት፣ ነገሩ ይከብዳል። ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ አታስከፍቱት። ብየዳውን ይችልበት ይሆናል፣ ችግሩ ማኅተሙ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ውሃ መከላከሉ ያበቃል፣ የደሴ ክረምት ደግሞ ምሕረት የለውም። ወይ ለብራንዱ ወኪል ላኩት፣ ወይ ዕድሜው የገፋ ከሆነ የጥገናውን ብር አዲስ መሣሪያ ላይ ጨምሩበት። ወኪሉ የሚጠይቀው ያገለገለ ሪሲቨር ዋጋ ግማሽ ከደረሰ እኔ አላስጠግንም። እስከዚያው ቶታል ስቴሽን (ያለ ሳተላይት ማዕዘንና ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ተከራዩ፤ ገደላገደሉ መሃል እንዲያውም እሱ ይሻላል።

የትኛውንም ብትገዙ መጀመሪያ ቤንችማርክ፣ ማለትም ከፍታው የታወቀ ቋሚ ነጥብ፣ ላይ አስቀምጡትና አወዳድሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዕቃ መመለስ ቀላል አይደለም። ሻጩ "ሞክሬዋለሁ" ካላችሁ የእያንዳንዱ ሳተላይት የኤል-ቱ ኤስኤንአር የሚታይበት ስክሪንሾት ይላክላችሁ። ማንገራገር ከጀመረ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።