ከዲንሾ ሀረና፣ እማዬን ይዤ

ዘንድሮ ለእረፍት ሀገር ቤት ስገባ እማዬን ባሌ ወስጃት ነበር። ዲንሾና ሀረና ያረፍንባቸው ሁለቱም ሎጆች ደህና ናቸው፣ አልጋውም ምግቡም አይከፋም፣ እኔ ግን መጻፍ የፈለግኩት ከአንዱ ወደ ሌላው ስለተጓዝንበት ቀን ነው፣ የምር ከጉዞው ሁሉ የበለጠብኝ እሱ ነው። አስጎብኚ ድርጅቱ ፕሮግራሙ ላይ «ትራንስፈር፣ 3 ሰዓት» ብሎ ነው ያለፈው። 3 ሰዓት! ዩኔስኮ በ2016 መስከረም የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አቋርጠህ እየሄድክ እኮ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከዲንሾ ተነሳን፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ገና ከግቢው ሳንወጣ ጽዱና ኮሶው ስር የደጋ አጋዘኖች ቆመዋል፣ አንዱ ወንድ ቀንዱ ተጠምዞ ወደ ላይ የወጣ፣ እማዬ «ወይፈን ያክላል እኮ!» ብላ መስታወቱን አወረደች። ሎጁ የቋጠረልን ምሳ ግን ለአራት ሰው ሁለት እንቁላልና ሦስት ዳቦ ነበር፣ ስለዚህ ሹፌራችን ሮቤ ላይ ወርዶ ሙዝና ዳቦ ገዛ፣ ፔርሙሱንም ሻይ አስሞላ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጎባ ስንደርስ ከአስጎብኚው ቢሮ ተደወለለት። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፣ ለነገ ሌላ እንግዳ አለ ቶሎ አድርሳቸውና ማታውኑ ተመለስ ነው የሚሉት፣ እኛ ሙሉ ቀን ከፍለን። እሱ ረጋ ብሎ «እማማን ይዤ ሳነቴ ላይ አልሮጥም» አላቸውና ዘጋው። በቃ እዛ ላይ ልቤ አረፈ።

ከጎባ በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እያጠረ እያጠረ ይሄድና ድንገት የሳነቴ ሜዳ ይከፈታል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። እማዬን ራሷን አመማት። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ሻይ ቀዳላት፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ይጠጡ እያለ ቀስ ብሎ ነዳ። ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከፍታውን ቀድማችሁ አስቡበት፣ ለእኛ ከቢሮው ማንም አልነገረንም።

ከዲንሾ ይዘነው የመጣነው ጋይድ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ለጉድ ነው። «እዛ ጋ» ሲል እኔ የማየው አፈር ብቻ፣ ቆይቶ ከጉድጓዱ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ፣ ሣሩን በጥርሱ ነጨት አድርጎ ወደ ኋላ ሽው ገባ። ከባሌ ውጪ የትም የሌለ ትልቅ ፍልፈል ነው፣ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ባለቤቱ መጣ! ቀይ፣ ቀጭን፣ ረጅም እግር፣ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ አንድ እግሩን አንስቶ ቀጥ አለ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ስቶት ሄደ። ጋይዱ በኦሮምኛ ጀዳላ ፋርዳ ይባላል አለን፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ የምትወልድ ባዝራ ስለሚከተል ነው አለ፣ የእንግዴ ልጁን ለመብላት። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው፣ ከመንደር ውሾች የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባባቸው በአንዴ ያልቃሉ፣ መኪናም ይገጫቸዋል። ሹፌራችን በ30 የነዳው ለዚህም ጭምር ነው፣ እና እሱን ነው ቢሮው ቶሎ በል የሚለው።

ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል፣ 4,377 ሜትር፣ ከባሌ ተራሮች ከፍተኛው። እማዬ በጋቢ ተጠቅልላ ሁለት ደቂቃ ወረደች፣ «እዚህም ሀገሬ ነው?» አለችኝ፣ 71 ዓመቷ ነው፣ ባሌን አይታ አታውቅም።

ከዛ ሳነቴ ያልቅና መሬቱ የተቆረጠ ይመስላል፣ ቁልቁል ጉም ውስጥ ነው የምትገባው። አስታው እዚህ ዛፍ ሆኗል፣ የዛፍ ሽበት ይንጠለጠልበታል፣ ከሪራ መንደር በታች ቀርከሃ፣ ከዛ ትልልቁ ጫካ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ጥላው ስር ማንም ያልተከለው ቡና። ጠዋት ስንንቀጠቀጥ የነበርን ሰዎች ጃኬት አወለቅን፣ የእማዬም ራስ ምታት ለቀቃት።

ሎጁ የደረስነው 11 ሰዓት ላይ ነው። ቡና አፍልተው ጠበቁን፣ ክፍሉ ንጹህ፣ ሙቅ ውሃው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የለም። ሹፌሩን በጨለማ ሳነቴን አትመለስም ብለን አስቀረነው፣ ለቢሮውም እኔው ደውዬ ነገርኳቸው። የሹፌሮች ክፍል ድረስ አብሬው ሄጄ ሳይ ፍራሽና አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ፣ እኛ አልጋ ላይ ሦስት ተደርቧል። ማናጀሩን ጠርቼ ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ ወዲያው ሁለት አስመጣ። ስትሄዱ እናንተም ያንን ክፍል ገብታችሁ እዩት፣ ጉርሻውንም ለቢሮ ሳይሆን ለሹፌሩና ለጋይዱ በእጃቸው ስጡ።